ስለ ድካምና ስለ እርጅና
ለመርሳ መምህራንና ሽማግሎች የተነገረ



ሁለት ነገር አንድ ይመስላል፤ ነገር ግን ልዩ ልዩ ነው። ከሥራ የመጣ ድካም ሲያርፉ ያልፋል። ሥራ ከመፍታት የመጣ የጡንቻ መሳሳት ግን በዕረፍት ይብሳል እንጂ አይድንም።

ሰው ሲሸመግል ጡንቻው በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሳል፤ ይልቁንም ለፈጣን እርምጃ የሚያገለግለው ክር ቀድሞ ይሳሳል። ስለዚህ ሽማግሌ ሲደናቀፍ ቶሎ መቆም አቅቶት ይወድቃል።

ሆኖም የሠራ ጡንቻ ይጠነክራል። ማሞ ወልዴ በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ማራቶንን ያሸነፈው በ36 ዓመቱ ነው። በ1982 ዓ.ም. በታተመ የቦስተን ሐኪሞች ምርመራም፥ 90 ዓመት ገደማ የሆናቸው 10 ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ፤ ልምምዱን የፈጸሙትም የእግራቸው ኃይል ከእጥፍ በላይ ጨመረ።

በወሎ ልጆች ሽማግሌን ሲያከብሩ «አባታችን፥ አርፈው ይቀመጡ» ይላሉ። ክብሩ መልካም ነው፤ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ ግን እግርን ያሰንፋል። ስለዚህ ሽማግሌ በየዕለቱ እስከ ማሳው ይመላለስ፤ ከመደቡም እጁን ሳይደገፍ ደጋግሞ ይነሣ። ሲደክመው ይረፍ፤ ደረቱን ከወጋው ግን ያቁምና ሐኪም ይጠይቅ።

መምህራንም ለልጆች ይህን ያስተምሩ፦ ለሽማግሌ ወንበር ማቅረብ ብቻ ሳይሆን፥ ምርኩዙን አቀብሎ አብሮ መሄድም አክብሮት ነው።