ሰነድን ስካን ስናደርግ የምንወስነው ነገር



ዛሬ የምንነጋገረው በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኘው ስካነርና እርሱን ስለሚያዝዘው አነስተኛ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። በኡቡንቱ ላይ የሚሠራውን ሲምፕል ስካንን ለአብነት እንውሰድ። የሚያቀርብልን ምርጫ ጥቂት ነው፤ የምናነሣው ጽሑፍ ነው ወይስ ምስል? ጥራቱስ ምን ያህል ይሁን? ብዙዎቻችን ሳናስተውል እናልፋቸዋለን። የሰነዱን ዕጣ የሚወስኑት ግን እነዚህ ምርጫዎች ናቸው።

በቅድሚያ ጥራትን እንመልከት። ፕሮግራሙ ካልተነካ በስተቀር ጽሑፍን የሚያነሣው በአንድ ኢንች 150 ነጥብ ነው። ይህም ለአንድ ሚሊሜትር ስድስት ነጥብ ያህል ማለት ነው። በእኛ ፊደል «ለ»ን ከ«ሉ» የሚለየው በጎን የምትቀጠል አጭር ጭረት ናት። በደበዘዘ የጽሕፈት መኪና ግልባጭ ላይ ይህች ጭረት ከጠፋች «ተቀበሉ» የነበረው «ተቀበለ» ሆኖ ይነበባል፤ ብዙዎች የተረከቡት ገንዘብ በአንድ ሰው ስም ይመዘገባል። ጥራቱን ወደ 300 ስናሳድግ በሚሊሜትር አሥራ ሁለት ነጥብ ያህል እናገኛለን።

ሁለተኛው ቀለም ነው። «ጽሑፍ» የሚለውን ስንመርጥ ፕሮግራሙ ገጹን በግራጫ ያነሣል። የማኅተሙ ሰማያዊ ከጽሑፉ ጥቁር አይለይም፤ በብራና መጻሕፍት ቅዱሳት ስሞች የሚጻፉበት ቀይ ቀለምም ይጠፋል። ስለዚህ ማኅተም ወይም ቀይ ጽሑፍ ያለበትን ገጽ፣ ጽሑፍም ቢሆን፣ «ምስል» ብለን ልናነሣው ይገባል።

ሦስተኛው የፋይል መጠን ቅነሳ ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. ዳቪድ ክሪዘል የተባለ ጀርመናዊ የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያ፣ አንዳንድ የዜሮክስ ማሽኖች ስካን በሚያደርጉት ገጽ ላይ ቁጥር እንደሚለውጡ አሳየ። በአንድ የቤት ፕላን ላይ ስፋታቸው የተለያየ ሦስት ክፍሎች ሁሉም 14.13 ካሬ ሜትር ተብለው ወጡ። ማሽኑ ቦታ ለመቆጠብ ሲል የሚመሳሰሉ ቅርጾችን እንደ አንድ ቆጥሮ አንዱን በሌላው ይተካ ነበር። አስጊው ነገር ስሕተቱ ደብዛዛ አለመሆኑ ነው፤ የተሳሳተው ቁጥር ጥርት ብሎ ይታያል። ቅርጻቸው እጅግ የሚቀራረብ ፊደላት ላሉን ለእኛ ይህ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው።

እንግዲህ ለማኅደር የሚቀመጥ ሰነድ ቢያንስ በ300 ነጥብ ይነሣ። ዋናው ቅጂ መረጃ በማይቀንሰው በፒኤንጂ ይቀመጥ፤ ለመላላኪያ ፒዲኤፍ ይዘጋጅ። ከሁሉም በላይ ስምን፣ ቀንንና ገንዘብን ከወረቀቱ ጋር ሳናስተያይ ሥራው ተጠናቀቀ አንበል። ወረቀቱም ስካን ተደርጓል ተብሎ አይጣል፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ የመጨረሻው ምስክር እርሱ ነውና።