ፍሬ ሲበስል ሻጋታ ለምን ይበረታል?



ሐኪም ስለ ፍራፍሬ ምን አግብቷት የምትሉ አትጠፉም። ትንሽ ታገሡኝ፣ ዎርድ ድረስ እወስዳችኋለሁ።

አቮካዶ ላይ ጥቁር ጠባሳ የሚያወጣው የአንትራክኖዝ ፈንገስ ፍሬውን የሚይዘው ገና ዛፍ ላይ ሳለ ነው። ልጣጩ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ግን አያበሰብስም። ጥሬው አቮካዶ ልጣጩ ውስጥ ፈንገስን የሚጎዳ ቅባት መሰል ንጥረ ነገር አለው። ፍሬው ሲበስል ይህ ንጥረ ነገር እየፈረሰ ይቀንሳል፤ ያን ጊዜ ፈንገሱ ይነሣል። ድብቅ ቲቢን ለምናውቅ ሰዎች ይሄ አዲስ ታሪክ አይደለም እኮ!

ቲማቲም ላይ ደግሞ ነገሩ እስከ ጂን ድረስ ተጠንቷል። አረንጓዴው ቲማቲም ግራጫ ሻጋታ የሚያመጣውን ቦትራይቲስ ይቋቋማል፣ ቀዩ ይሸነፋል። ስለበሰለ ደከመ እንዳትሉ። ፍሬው ራሱ ለመለስለስ ብሎ የሕዋሱን ግድግዳ የሚያላሉ ጂኖችን ይቀሰቅሳል፤ የሁለቱ ውጤት ፖሊጋላክቱሮኔዝና ኤክስፓንሲን ይባላሉ። ተመራማሪዎች አንዱን ብቻ ሲያዳክሙ የረባ ለውጥ አልመጣም። ሁለቱን ባንድ ላይ ሲያዳክሙ ግን የሚበስለው ፍሬ ሻጋታውን በደንብ ተቋቋመ። ፈንገሱም ዝም ብሎ አይጠብቅም፦ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ቦትራይቲስ ትንንሽ አርኤንኤዎችን ወደ ተክሉ ሕዋስ አስገብቶ፣ በተክሉ በራሱ መሣሪያ የመከላከያ ጂኖቹን ዝም ያሰኛል። ይቺን ሳነብ፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተንኮሉ አስደነቀኝ።

ታዲያ ለኛ ምናችን ነው? እርሻ ላይ ለሻጋታ ከሚረጩት መድኃኒቶች ብዙዎቹ አዞል ናቸው። እኛም ሳንባው በአስፐርጊለስ ለተያዘ በሽተኛ የምንሰጠው አዞል ነው። አስፐርጊለስ ፉሚጋተስ አፈርና የሚብላላ የዕፅዋት ተረፈ ምርት ውስጥ ይኖራል፤ እዚያ ርጭቱን የተላመደው ዘር ሰው ሳንባ ውስጥ ሲገባ መድኃኒታችን አይበግረውም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 እጅግ አሳሳቢ ካላቸው አራት ፈንገሶች አንዱ እሱ ነው። የፈንገስ ሕዋስ ደግሞ ከኛ ሕዋስ ጋር ስለሚቀራረብ፣ እሱን ገድሎ እኛን የሚተው አዲስ መድኃኒት ማግኘት ቀላል አይደለም። ፍሬው በገዛ ጂኑ ሲከላከል የሚቀር ርጭት ካለ፣ የኔ በሽተኛ ጉዳይ ነው።

ከዕፅዋት ሳይንስ የተመረቃችሁ እዚህ አላችሁ። ቶሎ የማይለሰልስ ዝርያ ስትመርጡ ጣዕሙ ምን ያህል ይጎዳል? ገበያተኛው እሺ ይላል? ምሳ ላይ በመስኮቱ በኩል ካለው ጠረጴዛ ታገኙኛላችሁ።