ካርታ መጣል ማወቅ
(በተማሪዎች ማኅበር ምሽት የተደረገ ንግግር)



እዚህ አዳማ በየመኝታ ክፍላችን ከኮንከር ቀጥሎ ፖከር ገብቷል። ከመካከላችን አንዱ ለበዓል ወደ ሻሸመኔ የሚሳፈርበትን ገንዘብ በአንድ ሌሊት ተበልቶ ከግቢ ቀረ። ስለዚህ የጨዋታውን ሀሁ ልንነጋገርበት ወደድን።

በእጃችን ሁለት፣ በጠረጴዛው ላይ አራት ካርታ አለ እንበል፤ ከስድስቱ አራቱ ቀይ ልብ ናቸው። የሚቀረው አንድ ካርታ ነው፤ እርሱም ልብ ከሆነ እናሸንፋለን። ካርታው 52 ነው፤ ያላየነው 46። ልብ በጠቅላላው 13 ስለሆነ የቀረው 9 ነው። እንግዲህ ከአምስት ጊዜ አንዱ እንኳ አይሞላም።

የመቂ ሽንኩርት ነጋዴ ዋጋ ሳያሰላ አይገዛም፤ እኛም እናስላ። በመሐል 60 ብር ተከማችቶ ለመቀጠል 20 ብር ብንጠየቅ፣ ኪሳራ የማይኖረው ከአራት ጊዜ አንዱን ስናሸንፍ ነው። ስለዚህ ካርታውን እንጣል። በመሐል 100 ብር ካለ ግን ከስድስት አንዱ ይበቃልና እንቀጥል።

ጀማሪን የሚጥለው መጥፎ ካርታ ብቻ አይደለም፤ መጣልን ማፈሩ ነው። «እስካሁን ያወጣሁት 40 ብርስ?» ይላል። ያ ብር የእርሱ መሆኑ ቀርቷል፤ የመሐሉ ሆኗል። ጓደኛችንም የተበላውን አስመልሳለሁ ሲል ነው መሳፈሪያውን የጨረሰው።

ደግሞም ትክክለኛ ሒሳብ ለአንድ ሌሊት ዋስ አይሆንም። ስለዚህ በበቆሎ ፍሬ እየተጫወትን እንማር፤ ወላጅ የላከው ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ አይቅረብ።