ኢንዛይም ፋታ ሲያጣ

የዛሬው ርዕሳችን ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም በሰውነታችን ውስጥ የኬሚካል ለውጥን የሚያፋጥን ፕሮቲን ነው። ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር ደግሞ ሰብስትሬት ይባላል።

ለመሆኑ ሰብስትሬቱ ሲበዛ የኢንዛይሙ ሥራ ይፈጥናል?

እስቲ ወፍጮ ቤትን አስቡ። እህል ጥቂት ሲመጣ ወፍጮው ሥራ ይፈታል። እህሉ ሲጨምር ዱቄቱም ይጨምራል። ወፍጮዎቹ ሁሉ ከተያዙ በኋላስ? ሰልፉ ይረዝማል እንጂ ዱቄቱ ቶሎ አይወጣም። ኢንዛይምም እንዲሁ ነው። ሰብስትሬት ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል። ኢንዛይሞቹ ሁሉ ሲያዙ ግን ፍጥነቱ እዚያው ላይ ይቆማል።

ታዲያ ይህን በቤተ ሙከራ እንዴት እናያለን? ጥሬ ድንች ውስጥ ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም አለ። እኩል የተቆረጡ ድንቾችን በተለያየ መጠን በቀጠነ ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድ ውስጥ ክተቱ። ካታሌዝ ፐርኦክሳይዱን ወደ ውሃና ኦክስጅን ይለውጠዋል፤ ነጭ አረፋም ሽቅብ ይወጣል። በቀጠነው ውስጥ አረፋው ቀስ ይላል፤ ጠንከር ባለው ውስጥ ይፈጥናል።

እንግዲህ ተማሪዎች፣ የድንቹንም የሙቀቱንም መጠን አትለውጡ፤ የምትለውጡት ሰብስትሬቱን ብቻ ይሁን። ደግሞም ፐርኦክሳይድ ቆዳ ያቃጥላልና፣ መምህራችሁ በሌሉበት አትሞክሩት።