በአንድ ቀን የገቡት ሁለት ጾሞች
(በዱባይ ለአባላት ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በ2016 ዓ.ም. ረመዳንና ዐቢይ ጾም ሰኞ መጋቢት 2 ቀን አብረው ገቡ። እዚህ ያለነው ግማሻችን ሙስሊም፣ ግማሻችን ክርስቲያን ነንና «ዘንድሮስ ሁላችንም ተራብን» ተባብለን ሳቅን። የጋራ ኢፍጣር እናዘጋጅ ሲባል ግን በሳምቡሳ ተከራከርን። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳይቀምሱ ለዋሉት ሥጋ ይገባቸዋል ያልን ነበርን፤ ሁዳዴ የያዝነው ደግሞ ሥጋ የተጠበሰበትን ዘይት እንኳ አንነካም። በመጨረሻ የምስር ሳምቡሳ፣ ሥጋ የሌለበት የአጃ ሾርባና ቴምር ሆነ። ሒሳብ ያዦች ነንና የምስሩ ዋጋ ደስ እንዳሰኘን አንደብቅም።

በዕለቱ ክርስቲያኖቹም በ9 ሰዓት ሳንገድፍ መድፉን ጠበቅን። እዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ፖሊስ የኢፍጣር መድፍ ይተኩሳል፤ መጀመሪያ የመጣን ጊዜ ጦርነት መስሎን የደነገጥን አለን። ጎረቤት ደግሞ ሉቀይማት ላከልን፤ ትንንሽ ቦንቦሊኖ የሚመስል፣ የቴምር ማር የፈሰሰበት። ወተት ይኑረው አይኑረው ስላላወቅን የሁዳዴዎቹን ዐይናችን እያየ አለፈን።

ሰባት እኅቶች ግን አልመጡም። ሰባቱም የቤት ሠራተኞች ናቸው። ድርጅት ውስጥ ለምንሠራው በረመዳን በቀን 2 ሰዓት ይቀነስልናል፤ ጾመኛ ሆንን አልሆንን። የቤት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ስለሆነ ይህ አይደርሳቸውም። የሳምንት ዕረፍት በሕግ አላቸው፤ የእኛዎቹ ግን «ወሩ ይለፍ» ተብለዋል። ሃሪስ ስንዴና ሥጋ ለሰዓታት ተቀቅሎ እስኪልም የሚመታ ምግብ ነው። በእንግድነት ስንቀርብ ጣዕሙን እናወራለን፤ ጓዳ ገብታ የምትመታው እኅታችን ናት። ከኢፍጣር እስከ ሱሁር እንግዳ ሲመላለስ ሳህን የምታጥበውም እሷው ናት።

ከሰባቱ አንዷ ሌሊት በሹክሹክታ ደወለችልን። ጾመኛ ናት፤ ያፈጠረችው ቆማ ነው። ያስከፋት ግን እሱ አልነበረም። «አሠሪዬስ ባዳ ናት፤ እናንተ እንዴት ትቀጡኛላችሁ?» አለችን።

እውነቷን ነበር። በደንባችን ከስብሰባ የቀረች 20 ድርሃም ትቀጣለች። የሰባቱን 140 ድርሃም በገዛ እጃችን መዝግበናል፤ ሒሳቡም አንድ ሳንቲም አልጎደለም። ማን ለምን እንደቀረች ግን አልጠየቅንም። ደንቡን ስናወጣ በሳምንት አንድ ቀን ከቤት መውጣት የሚችሉትን ብቻ አስበን እንደነበር ያን ሌሊት ገባን።

ቅጣቱን መለስን። በረመዳን የቀረች እንዳትቀጣም ደንቡን አሻሻልን። ሁለት አባላት «ደንብ ከላላ ዕቁቡም ይላላል» ብለው ተቃውመዋል፤ ስጋታቸው ከንቱ ነው አንልም። ለጋሾቻችን ለበዓል ዝግጅት ከላካችሁት የተረፈውን ደግሞ አምሽተው ለሚለቀቁት የታክሲ እንዲሆን ፈቃዳችሁን እንጠይቃለን።

ከዒድ በኋላ ባለው እሑድ እንደገና ተሰበሰብን። ከሰባቱ አምስቱ መጡ፤ ሌሊት የደወለችልንም አብራ ነበረች። ሁዳዴው ገና ስላልወጣ ሳምቡሳው አሁንም የምስር ነበር።