የጥንታዊት ግብጽ ግስ በድንጋይና በአንደበት
የማኅበሩ መቶኛ ዓመት በታሰበበት ጉባኤ በቤይሩት የተነገረ ቃል



ማኅበሩ መቶ ዓመት የጸናው ቃልን በመጠበቅ ነውና፥ በዚህ በዓል ስለ ቃል ሥር፥ ይኸውም ስለ ግስ፥ ጥቂት እንድናገር ታዝዣለሁ። ነገሬንም ከምንገኝበት አገር ድንጋይ እጀምራለሁ። ዓመታቱን የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ከቤይሩት በስተ ሰሜን ዐሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ነህር አል ከልብ የተባለው ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት ገደል ላይ፥ ዳግማዊ ራምሴስ ንጉሠ ግብጽ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ13ኛው ምዕት ዓመት ያስቀረጻቸው ጽሑፎች አሉ። ከእነርሱም አንዱ፥ የናፖሌዎን ሣልሳዊ ወታደሮች በ1860 እና በ1861 ዓ.ም. በመጡ ጊዜ የራሳቸውን ጽሑፍ ስላስቀረጹበት፥ ጠፍቷል። ከዚያም አልፎ በጁባይል፥ በጥንቱ ስሟ በቢብሎስ፥ ፒየር ሞንቴ ከ1921 እስከ 1924 ዓ.ም. ቈፍረው የግብጽ ነገሥታት ስም የተጻፈባቸውን ገጸ በረከቶች ከከተማዪቱ ገዥዎች መቃብር አወጡ። ከ1975 እስከ 1990 ዓ.ም. በሆነው የርስ በርስ ጦርነት የቤይሩት ብሔራዊ ቤተ መዘክር ከተማዪቱን ለሁለት በከፈለው መስመር ላይ ስለ ነበረ፥ ኀላፊው ሞሪስ ሺሃብ ከባድ ከባዱን ቅርስ በሲሚንቶ ግንብ አስከድነው አተረፉት። ድንጋዩ እንዲህ ተረፈ። ግሱስ በምን ተረፈ?

የግብጽ ጸሐፍት ተነባቢውን ድምፅ እንጂ አናባቢውን አይጽፉም ነበር። «መስማት» የሚለውን ግስ በሦስት ድምፅ፥ ስ ጅ ም ብለው ይጽፉና፥ «እርሱ» ለማለት በስተ መጨረሻው ፍ ይጨምሩበታል። በግሱና በፍ መካከል ን ቢገባ የተፈጸመ ነገር መሆኑ ይታወቃል። ያለ ን የተጻፈው ግን እንደ ንግግሩ አገባብ «ይሰማል»ም «ይሰማ ዘንድ»ም፥ አንዳንድ ጊዜም «ሰማ» ሊሆን ይችላል።

የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ችግር በቶሎ ያስተውለዋል። መምህሩ ቀተለ፥ ይቀትል፥ ይቅትል እያሉ ሲያስገስሱት፥ ካልዓዩን አንቀጽ ከሣልሳዩ የሚለይለት ቀ በግዕዝ ወይም በሳድስ መነገሩ ነው። አናባቢ ባይጻፍ ኖሮ «ይገድላል» እና «ይግደል» በጽሕፈት አንድ በሆኑ ነበር። የአክሱም ጽሑፎችም ቢሆኑ በንጉሥ ዔዛና ዘመን አናባቢ እስኪያገኙ ድረስ እንዲሁ ነበሩ።

በሥዕላዊው የግብጽ ፊደል ከተጻፉት፥ ዘመናቸው ከሚታወቁት ሁሉ የመጨረሻው በፊላ ደሴት በ394 ዓ.ም. ተቀረጸ። ነገር ግን ክርስቲያኖቹ ግብጻውያን ከዚያ አስቀድመው ቋንቋቸውን በጽርእ ፊደል፥ ጥቂት ፊደላትም ጨምረው፥ ከነአናባቢው መጻፍ ጀምረው ነበር፤ ይኸውም ቅብጥ የምንለው ነው። በእርሱ ያ የጥንቱ ግስ ሶተም ተብሎ ይገኛል። «ሰማ» ለማለት አፍሶተም ይላሉ። አ «አደረገ» ከሚለው ጥንታዊ ግስ የተረፈ ነው፤ ፍ ያው የፈርዖኖች «እርሱ» ነው፤ ሲተረጐም «መስማትን አደረገ» ይሆናል። ከግሱ በኋላ ይከተል የነበረው ባለቤት አሁን ከፊት ቀደመ። ሻምፖልዮን በ1822 ዓ.ም. የድንጋዩን ፊደል ምስጢር ሲገልጡ፥ ቅብጥን አጥብቀው መማራቸው እጅግ ረድቷቸዋል። ቅብጥም ከገበያና ከቤት ንግግር ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም በቅዳሴ ዛሬም ይሰማል።

ለእኛ ቅርብ የሆነ ሌላም ነገር አለ። ጥንታዊው ግብጽኛ ሁኔታን በሚገልጸው እርባታ «እኔ»ን በኩ፥ «አንተ»ን በት ያመለክታል። የባቢሎን ቋንቋ አካድኛም እንዲሁ ነው። በዚህ በቤይሩት በመጽሐፍ የሚነበበው ዐረብኛ ግን ሁለቱንም ወደ ት መልሶ፥ «ጻፍሁ»ን ከተብቱ፥ «ጻፍህ»ን ከተብተ ይላል። ግዕዝ ደግሞ ሁለቱንም ወደ ከ መልሶ ጸሐፍኩ፥ ጸሐፍከ ይላል። ይህ አንዱ ከሌላው የተዋሰው ሳይሆን ሁሉም ከአንድ ጥንታዊ ምንጭ የወረሱት ነው። በኢየሩሳሌም ያስተምሩ የነበሩት ሊቅ ፖሎትስኪ፥ በ1944 ዓ.ም. በታተመው ድርሳናቸው የቅብጥን ግስ ትምህርት ያደሱት፥ አማርኛንና ጉራጌኛንም የመረመሩ ሰው ነበሩ።

እንግዲህ በዚህ ከተማ በሰው ቤት ሠርታ የምታድር እኅታችን፥ በዕረፍት ቀኗ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ደርሳ «መጣሁ» ስትል፥ ያ ሁ ከግዕዙ ኩ ጋር አንድ ነው፤ የግብጹም ኩ ዘመዱ ነው። በድንጋይ ላይ የቀረው በአንደበቷ ሕያው ሆኖ ይኖራል።

አባቶቼ፥ ፊደላችን አናባቢ አለው ብለን ግን አንታበይ። ቀደሰ ስንል ደ መጥበቁን ብራናው አይነግረንም፤ የሚነግረን የመምህር አፍ ነው። መምህርና ተማሪ ከተለያዩ፥ መጻሕፍታችን በግንብ ውስጥ ቢጠበቁ እንኳ፥ እንደ ነህር አል ከልብ ድንጋይ የሚታዩ እንጂ የሚሰሙ አይሆኑም። ስለዚህ በስደት አገር ለሚያድጉ ልጆች መጽሐፉን ብቻ አንላክላቸው፤ ግሱን በቃል የሚያስገስስ መምህርም እንላክላቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።