የአራስ ጎጆ ደጃፍ

ተወልጄ ያደግሁት አዘዞ ነው። በልጅነቴ ስለ ቤተ እስራኤል ሴቶች የማውቀው የወለቃን ሸክላ ብቻ ነበር። በኋላ ቀልቤን የሳበው የአራስ ጎጆ ነው። በልማዳቸው ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቀመጥ ነበር። ዙሪያውን ድንጋይ ወደተደረደረበት ጎጆ ምግብ የሚያደርሱላት፣ ልጆቿንም የሚጠብቁላት ዘመዶቿና ጎረቤቶቿ ነበሩ፤ ማኅበር ብለው ሳይሰይሙት፣ ዋጋም ሳይጠይቁ። እኛ አጥኚዎች ስለ መለየቱ አብዝተን ጻፍን፤ ምግብ ይዛ ስለምትመጣዋ ሴት ግን፣ እኔን ጨምሮ፣ ጥቂት አልን። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ተጓዙ። እዚያ አራሲቱ በአፓርታማ ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ጎጆው እንደናፈቃቸው ለተመራማሪዎች የተናገሩ እናቶች አሉ፤ ዕረፍቱና የሴቶቹ ጨዋታ።